መንጠቆው የማን ነው?

የሙሮ ክንድ የተሰበረው በእኔ አካፋ ነው። የመታው ግን እኔ አይደለሁም። የማሩፋ ልጅ ኦሪማ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስደግፌ የተውኩትን አካፋ አነሳና፣ የአክስቴ ልጅ ሙሮ ራሱን ለመከለል ባነሳው ክንድ ላይ አሳረፈው። ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሙሮ አልጮኸም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የተጣመመ ክንዱን የሌላ ሰው ይመስል ያየው ጀመር። ከዚያ የእኛም የእነሱም ሰዎች ዋሻው ውስጥ ተያያዙ። ድንጋይ ተወረወረ፤ ጥርስ ወለቀ፤ ለወራት በብሩሽ ስጠርገው በከረምኩት አፈር ላይ ደም ተንጠባጠበ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ በክንዴና በጉልበቴ ተደግፌ፣ አንድ የሞተ ሰው እንዳይረገጥ በጀርባዬ ከልዬው ነበር።

ጠቡን ያመጣው እሱ የሞተው ሰው ነው።

ዋሻው ከመንደራችን ከኡራሂ በስተ ምሥራቅ ነው። ፊት ለፊቱ ደሴታችንን የከበበው የኮራል ድንጋይ አጥር ተከፍቶ ጥልቁ ባሕር ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለ፤ እኛ በሩ እንለዋለን። ቱና ትናንሽ ዓሣዎችን እያሳደደ የሚመጣው በበሩ በኩል ነው። ሱቫ ከተማ ተምሬ የተመለስኩት ከጥንታዊ ቅርስ ቆፋሪዎች ቡድን ጋር ነበር። የቡድኑ ሰዎች ወደየአገራቸው ሲሄዱ፣ ጉድጓዱን እንድዘጋና ዕቃውን ይዤ መርከብ እንድጠብቅ እኔ ቀረሁ።

ዋሻውን የቆፈርነው በንብርብር ነው። ከላይ የአያቶቻችን የምድጃ አመድ አለ። ከሱ ሥር የሌላ ምድጃ፣ ከዚያም ሥር የሌላ። በሁሉም ውስጥ የቱና የአከርካሪ አጥንት ሞልቷል፤ ክብ፣ መሐሉ እንደ ትንሽ ስኒ የጎደጎደ። ቱና ከዳር ቆሞ የሚያዝ ዓሣ አይደለም። አጥንቱ ካለ ታንኳ ነበረ ማለት ነው፤ ታንኳ ከነበረ ደግሞ ጥልቁን የደፈረ ሰው ነበረ። ብረት ሳይመጣ፣ ቄሶቹ ሳይመጡ፣ አሁን የምንጠራቸው የአያት ስሞች ሁሉ ሳይወጡ በፊት እዚህ ሰው ቱና እየገደለ ይበላ ነበር።

ከታች፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ከተባለው ከሰል አጠገብ፣ ሰውየው በጎኑ ተኝቶ አገኘነው። የራስ ቅሉ ከኋላ በከባድ ነገር ተመትቶ ገብቷል። የእጁ አንጓ አጠገብ መንጠቆ ነበረ። ከሉል ዛጎል የተፋቀ፣ የጣት ርዝመት ያለው። አፈሩን ስጠርግለት ትናንት ከውኃ የወጣ ይመስል አበራ። ጫፉ ላይ የነበረው መውጊያ ድሮ ጠፍቷል። ክሩ የሚታሰርበት ቀዳዳና ክር የፈገፈገው ጎድጓዳ መስመር ግን እንዳለ ነው።

በእኛ ሕግ የበሩ ጌታ አንድ ዘር ብቻ ነው። ጌታ የሆነው ዘር ታንኳ ይገፋል፣ የቀርከሃ ማጥመጃ ዘንግ ይይዛል፣ ይገድላል። ሌላው ዘር ከሴቶችና ከእንግዶች ጋር ዳር ቆሞ ድርሻውን ይቀበላል። የአጎቴ የዋጋሮ ዘርና የማሩፋ ዘር ለዚህ በር ሲጋደሉ ኖረዋል። በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ታርቀው በየጨረቃው መፈራረቅ ጀመሩ። ሁለቱም ግን በሩ የኛ ነው፣ ለነሱ ያዋስናቸው እኛ ነን ይሉ ነበር። አሁን መንጠቆ የያዘ ሰው በሩ ፊት ተቀብሮ ተገኘ። መንጠቆው የኔ ነው ያለ ሟቹም የኔ ነው ይላል፤ ሟቹ የኔ ነው ያለ ደግሞ በሩም የኔ ነው ይላል።

መንጠቆ ባለቤቱን የሚያውቀው በደም ነው። ሰው መንጠቆውን ለወራሹ ሲያስተላልፍ በገዛ እጁ የወራሹን ሥጋ ይወጋበታል። መንጠቆው የወራሹን ደም ከጠጣ ወዲያ ወደ ቀድሞው ባለቤት አይመለስም፤ ሰጪው ቢጸጸት፣ ወራሹ ቢያምፅ አይመለስም። በእኛ ዘንድ ውርስ በእናት በኩል ስለሆነ የአጎቴ ወራሽ እኔ ነኝ። ክንዴን ግን ገና አልወጋም። «ከባሕር ይልቅ አፈር ስትጭር ውለህ ታድራለህ፤ ትንሽ ጨው ይግባህ» ይለኝ ነበር።

ከድብድቡ ማግስት መንደሩ በዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ግማሹ ሰው የቆሰለ አካሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። ማሩፋ ያበጠ ከንፈሩን ይዞ መጀመሪያ ተናገረ።

«ዋጋሮ፣ አንተ ዓሣ ከያዝክበት ጊዜ ዓሣ አንተን የያዘበት ይበዛል። ያ ሰውዬ የአንተ አያት ቢሆን ኖሮ መንጠቆ ሳይሆን ማንኪያ ይዞ ነበር የሚቀበረው።»

«የተመታው ከኋላ ነው» አለ አጎቴ። «ፊት ለፊት መግጠም የማይወድ ዘር የማን እንደሆነ አገር ያውቃል።»

«ሲሸሽ ነዋ ከኋላ የተመታው! መሸሽስ የማን ነው?»

ኦሪማ ሳቀ። ሙሮ በደህናው እጁ ድንጋይ ሲያነሳ እማማ ካፊሩ በምርኩዛቸው እጁን ቸብ አደረጉት። እማማ ካፊሩ ከእኛ ዘር ተወልደው ወደ እነሱ የተዳሩ፣ የሁለቱንም ሙታን ያለቀሱ ሴት ናቸው። የሚያኝኩትን የቢትል ፍሬ ቀይ ምራቅ ተፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሴልዊን፣ አንተ ተምረሃል። አጥንቱ የማን ነው?»

«አላውቅም፣ እማማ። ምን ይበላ እንደነበር ልነግርዎት እችላለሁ። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ግን የሁላችንም አያት ሊሆን ይችላል።»

ይህን ስል ሁለቱም ወገኖች እኩል ተቆጡ። «ከነሱ ጋር?» አለ አጎቴ፣ እኔን እንደ ከሃዲ እያየኝ። ማሩፋም ከዚያ ማዶ «ልጁ አብዷል!» አለ። በዚያ ጠዋት የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ይህ ነበር።

«እንግዲያው ቱናው ይናገር» አሉ እማማ ካፊሩ። «መንጠቆው መውጊያ ይደረግለት። ወፎቹ ሲመጡ ሁለታችሁም ውጡ፤ ተራ በተራ ወርውሩት። መንጠቆው ባዶ እጁን የመለሰው ሰው እሱ እንግዳ ነው። ያ ሰው ከነዘሩ ታንኳውን ወደ ደረቅ ይጎትት፤ ነገሩም ይለቅ።»

«እማማ፣ ይሰበራል» አልኩ። «እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሌላ ቦታ አልተገኘም። ሻርክ ቢወስደውስ?»

«ዓሣ ሲይዝ የኖረ ነገር ነው፤ ዓሣ ሊሰብረው ነው?»

«አሁን እኮ አርጅቷል።»

«እኔስ?» አሉና ጉባኤውን አሳቁብኝ።

ዕቃው የመንደሩ እንደሆነ ቡድኑ ሲመጣ ተስማምተን ነበርና ሣጥኑን ከፍቼ ሰጠሁ። አጎቴ ለመውጊያው የዔሊ ቅርፊት ፋቀ። ከዛፍ ልጥ ጭኑ ላይ ክር ገመደ። ክሩን በመንጠቆው ላይ ሲጠመጥም፣ አዲሱ ክር የድሮው ክር በፈገፈገው መስመር ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። አጎቴ እጁን አቆመና አየኝ። እኔም አየሁት። ማሩፋ ከጎኑ ተቀምጦ አሠራሩን ይከታተል ነበር፤ እሱም ክሩ ሲገባ አየ። ከዚያ ማሩፋ «አጥብቀው እንጂ፣ የጫማ ማሰሪያ ነው እንዴ?» አለ።

ወፎቹ የታዩት በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ማለዳ ላይ ነው። ጥቋቁር፣ ጅራታቸው እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ከበሩ ውጪ አንድ ቦታ ላይ እየተሽከረከሩ ይወረወራሉ። ሁለቱ ታንኳዎች ጎን ለጎን ወጡ። በእኛ ታንኳ አጎቴ ከኋላ ዘንጉን ይዞ ቆሟል፤ ቀዛፊዎቹ እኔና የሙሮ ወንድም ፒታ ነን። በእነሱ ታንኳ ማሩፋ፣ ልጁ ኦሪማና አንድ አማቻቸው አሉ።

ባሕሩ ይፈላ ነበር። ትናንሾቹ ዓሣዎች እንደ በረዶ ጠጠር ከውኃው እየዘለሉ ይበተናሉ። ከሥር ቱናዎቹ እንደ ጥይት ይመጡባቸዋል፤ ከላይ ወፎቹ ይቀልቧቸዋል። ከታች ጥርስ፣ ከላይ ምንቃር፤ መሐል ላይ ማምለጫ የሚባል ነገር የለም። ውኃው በቅርፊትና በዘይት ተሸፍኖ የደም ሽታ አወጣ። አንድ ወፍ ሲወርድ ቱና ከሥር ሲወጣ ተጋጩ፤ ወፉ ክንፉ ተሰብሮ ውኃው ላይ ሲንቀጠቀጥ አንድ ሰፊ ጥላ ከሥሩ አለፈ። ከዚያ ወፉ አልነበረም።

«ሻርኮቹም መጥተዋል» አለ ፒታ።

«እነሱም ርቧቸዋል» አለ አጎቴና ወረወረ።

ዛጎሉ ውኃው ላይ ሲጎተት ልክ እንደሚሸሽ ትንሽ ዓሣ አበራ። መሬት ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ተኝቶ ምንም አልረሳም። ቱናው ወዲያው ዋጠው። አጎቴ ወገቡን ወደ ኋላ ጥሎ በአንድ ጊዜ መነጨቀው፤ ዓሣው ከባሕሩ ተነቅሎ በአየር ላይ እየበረረ መጣና ፒታን ትከሻው ላይ መትቶት ወደቀ። መንጠቆው ክሩ ሲላላ ራሱ ይለቃል፤ እንዲያ ነው የሚሠራው። ዓሣው ወለሉ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጅራቱ ታንኳውን እንደ ከበሮ መታው። ከጉሮሮው የሚወጣው ደም እግሬን አሞቀኝ። የቱና ደም እንደ ሌላ ዓሣ ደም ቀዝቃዛ አይደለም፤ እንደ በግ ደም ትኩስ ነው።

አጎቴ ዘንጉን ለማሩፋ አሻገረ። ማሩፋ ወረወረ፤ ያዘ። የእሱ ዓሣ ከአጎቴ ዓሣ ይበልጥ ነበር፤ ኦሪማ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ አሳየን። አጎቴ ደግሞ ወረወረ፤ ያዘ። በየታንኳው ወለል ላይ ደም ተጠራቀመ፤ በቅል እየቀዳን ወደ ውጭ ስንደፋው ጥላዎቹ እየቀረቡ መጡ። አንዱ ሻርክ መቅዘፊያዬን በጎኑ ፈግፍጎት አለፈ፤ እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ።

ማሩፋ ዳግመኛ ወረወረ። ቱናው ዋጠው። ማሩፋ ሲመነጭቀው ውኃው ከሥር ተሰነጠቀና አንድ ነጭ ሆድ ተገለባበጠ። በአየር ላይ በርሮ የመጣው ራስ ብቻ ነበር። ከጉሮሮው በታች የለም፤ ሻርኩ በምላጭ እንደተቆረጠ አድርጎ ወስዶታል። ራሱ በእነሱ ታንኳ ውስጥ ወድቆ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዓይኑ ይንከራተታል።

«ባዶ ነው!» አለ አጎቴ።

«ዓይንህን ታመምክ? ይሄ ምንድን ነው?» አለ ማሩፋ።

«ራስ ነው።»

«የምን ራስ? የዶሮ?»

«አካሉን ባሕሩ ወስዶታል። ባሕሩ እምቢ ብሎሃል፣ ማሩፋ። ዘንጉን መልስ።»

«መንጠቆው የያዘው አፉን ነው፤ አፉ ይኸው። ሻርኩ የበላው ከእኔ ድርሻ ነው እንጂ ከመንጠቆው አይደለም። ባዶ እጄን አልመለሰኝም!»

የማሩፋ ክርክር መጥፎ አልነበረም። የአጎቴም አልነበረም። እማማ ካፊሩ ስለ ግማሽ ዓሣ ያሉት ነገር የለም፤ ዳር ሄደን ብንጠይቃቸው ኖሮ ምን እንደሚሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። «እንመለስና እንጠይቅ» አልኩ። የሰማኝ የለም። አጎቴ ተንጠራርቶ የዘንጉን ጫፍ ያዘ። ማሩፋ ሥሩን አልለቀቀም። በዘንጉ ሲጓተቱ ታንኳዎቹ ተጋጩ፤ ጎናቸው ተፈግፍጎ ጮኸ።

ኦሪማ ብድግ ብሎ በመቅዘፊያው ጠርዝ የአጎቴን ግንባር መታው። ቆዳው ተከፍቶ ደሙ ፊቱን አለበሰው። ፒታ በራሱ መቅዘፊያ ጫፍ ኦሪማን ሆዱ ላይ እንደ ጦር ጎሰመው፤ ኦሪማ ትንፋሹ ተቆርጦ ዓሣዎቹ ላይ ወደቀ። አማቻቸው የፒታን ፀጉር ይዞ ፊቱን ከታንኳው ጠርዝ ጋር ሁለት ጊዜ አጋጨው። እኔ መሐል ለመግባት ስነሳ ደሙ እግሬን አንሸራቶኝ ወደቅኩና ስነሳ፣ አጎቴ ዘንጉን ነጥቆ ዓይኑ በደም ተጋርዶ ቆሟል።

«እንደ አያትህ ሽሽ እንጂ!» አለው ማሩፋ።

አጎቴ በሙሉ ኃይሉ አወናጨፈው። ሊመታው የፈለገው በቀርከሃው ነበር፤ ይህን ሁላችንም አይተናል። ማሩፋ ጎንበስ ብሎ ቀርከሃውን አሳለፈው። ከቀርከሃው ኋላ ግን ክር አለ፤ ከክሩ ኋላ መንጠቆ አለ። መንጠቆው ዞሮ መጣና የማሩፋ ጉንጭ ላይ ገባ።

ከዚያ የአጎቴ እጅ ዕድሜውን ሁሉ የለመደውን ሠራ። ክሩ ሲከብደው ወደ ኋላ መነጨቀ።

የማሩፋ ራስ ከነአንገቱ ወደፊት ተጎተተ። ጉንጩ እንደ ድንኳን ተወጠረ፤ የመውጊያው ጫፍ በአፉ ውስጥ አልፎ በጥርሱ መሐል ታየ። ደሙ በአገጩ ወርዶ ደረቱን አጠበው። ማሩፋ ክሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ፤ እንዳይጎተት ብቻ ሳይሆን እንዳይወጣም ጭምር እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሁሉም ቆመ። ፒታ እንኳ አፍንጫው እየደማ ቀና ብሎ አየ።

ማሩፋ ለመናገር ሞከረ፤ ቃሉ ከደም ጋር ወጣ።

«በእጅህ... ዋጋሮ... በገዛ እጅህ።»

አጎቴ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ያደረገውን አየ። ዘንጉ ከእጁ አምልጦ እነሱ ታንኳ ውስጥ ወደቀ።

ኦሪማ ከዓሣዎቹ መሐል እየተሳበ ተነስቶ ክሩን በቢላዋ ቆረጠው። መንጠቆው ከማሩፋ ጉንጭ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በደሙ ውስጥም ያበራ ነበር።

«አይደለም!» አለ አጎቴ። «ጠብ ነው እንጂ መስጠት አይደለም! አምጣው!» ብሎ በእጁ ሊነቅለው ወደ ማሩፋ ዘለለ። እግሩ የእነሱን ታንኳ ጠርዝ ነካ፤ ታንኳው ሸሸ፤ አጎቴ በሁለቱ መሐል ገባ።

ያ ውኃ ቀይ ነበር። ማለዳውን ሙሉ የቱና ደም ስንደፋበት የነበረ ውኃ ነው። አጎቴ ብቅ ብሎ የእነሱን ታንኳ ያዘ። ኦሪማ ጣቶቹን ሊቀጠቅጥ መቅዘፊያ አነሳ። በዚያ ቅጽበት አጎቴ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከታች የሆነ ነገር አንድ ጊዜ ወደ ታች ጎተተው፤ እስከ አገጩ ሰመጠ። አልጮኸም። «ያዘኝ» ብቻ አለ፣ በተራ ድምፅ።

ማሩፋ ልጁን በክንዱ ገፍትሮ ጣለውና ጎንበስ ብሎ አጎቴን በፀጉሩና በብብቱ ሥር ጨበጠው። መንጠቆው ከጉንጩ ላይ እየተወዛወዘ «ሳቡ!» ብሎ ጮኸ። «በኔ በር ላይ ሰው አይበላም! ሳቡ እናንተ ውሾች!» አማቹ ሳበ። ኦሪማም ሳበ። እኔ ወደ እነሱ ታንኳ ዘልዬ ሻርኩን ዓይኑ ላይ በመቅዘፊያው ጫፍ ደጋግሜ ወጋሁት። ለቀቀ። አጎቴ ወለሉ ላይ፣ በእነሱ ዓሣዎች ላይ ተዘረረ። የግራ እግሩ ባት የለም፤ ነጭ አጥንት ብቻ ታየኝ፤ ወዲያው ደም ሸፈነው። የተቆረጠውን ክር ከዘንጉ ላይ ፈትቼ ጭኑን አሰርኩት፤ ቀርከሃ ሰብሬ ክሩን በሱ አከረርኩት። ማሩፋ የአጎቴን ራስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይዞት ነበር፤ የእሱ ደም የአጎቴ ፊት ላይ ይንጠባጠባል።

«ተፋብኝ እንግዲህ» አለ አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ዝም በል፤ ትሞታለህ።»

እንደዚያ ሆነን ገባን፤ አጎቴ በማሩፋ ታንኳ፣ ፒታ ብቻውን በእኛ።

ነርሷ በሞተር ጀልባ እስክትመጣ ማሩፋ መንጠቆውን ማንም እንዲነካው አልፈቀደም። ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑን ዘግቶበታል። እማማ ካፊሩ መጥተው ከፊቱ ቆሙ።

«ማን ወጋህ?»

ማሩፋ በጣቱ አመለከተ። እማማ ካፊሩ አጎቴ ወደተጋደመበት ምንጣፍ ዞሩ። ዙሪያውን የቆሙት የእኛ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሹክ ይሉት ነበር፤ «መንጠቆው ራሱ በረረ በል፣ ነፋስ ነው በል፣ አላየሁም በል።» በእርግጥ ግንባሩ ተከፍቶ ዓይኑ በደም ተሸፍኖ ነበር፤ አላየሁም ቢል ውሸት አይሆንም።

«ዋጋሮ፣ አንተ ነህ?»

አጎቴ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። እኔን አየኝ፤ ክንዴን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አስበህ ነው?»

«አስቤ አይደለም። እጄ ግን ነው።»

«እጅህ ከሆነ በቃ» አሉ እማማ ካፊሩ። እያለቀሱ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አልገባኝም።

መንጠቆውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ነርሷ በአጎቴ እግር ተይዛ ስለነበር። የዔሊው መውጊያ ጉንጩ ውስጥ ተሰበረ። ዛጎሉ ግን ምንም አልሆነም። አጥቤ ለማሩፋ ሰጠሁት። መርከቡ ሲመጣ በሣጥኑ ውስጥ፣ በመንጠቆው ቦታ፣ የሣልኩትን ሥዕል አስቀምጬ «በሥራ ላይ» ብዬ ጻፍኩበት። ጉድጓዱን ከመዝጋቴ በፊት የሞተውን ሰው ጉንጭ አጥንት በማጉያ መነጽር ደህና አድርጌ አየሁት። ምንም ምልክት የለም። ቢወጋም ባይወጋም ሥጋ የሚያስታውሰውን አጥንት አያስታውስም። መልሼ በአፈር ሸፈንኩት።

ታንኳችንን ወደ ደረቅ ጎተትን። ወፎቹ እንደገና ሲመጡ የማሩፋ ታንኳ ብቻውን ወጣ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆምኩ። ጩኸቱና የዓሣው ጅራት ታንኳ ሲደበድብ ከሩቅ ይሰማል። ሙሮ በታሰረ ክንዱ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ መሐል ላይ ጥሎኝ ሄደ።

የበሩ ጌታ የመጀመሪያውን ዓሣ ለሌላው ዘር አለቃ ራሱ ያመጣል። አለቃው ተቀብሎ «በሩ ይከፈትልህ» ካላለ ዓሣው አልተሰጠም፤ ያልተሰጠ ዓሣ ደግሞ ማንም አይበላውም። ማሩፋ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጉንጩ በጥቁር ክር የተሰፋ፣ አንገቱ ላይ መንጠቆው የተንጠለጠለ፣ በሁለት እጁ ቱና የታቀፈ። ከኋላው ኦሪማ አለ። ከእኛ ወገን ሙሮና ፒታ ቢላዋ የሚገኝበትን ቦታ በዓይናቸው ሲፈልጉ አየሁ።

አጎቴ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። የእግሩ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ዓሣውን አየው፤ ፊቱን አዞረ።

ማሩፋ ቆመ። የዓሣው ደም በክንዱ ወርዶ ምንጣፋችን ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ዝንብ መጣ። ዓሣው ትልቅ ነበር፤ አንዴ ወደ ደረቱ ከፍ አደረገው። ኦሪማ «አባዬ፣ እንሂድ። አይፈልግም» አለ።

«አፍህን ዝጋ» አለ ማሩፋ። እንደቆመ ቀረ።

በመጨረሻ አጎቴ እጁን ዘረጋ። አልደረሰም።

«አስጠጋው እንጂ» አለ በቁጣ። «በዚህ እግር ተነስቼ ልቀበልህ ነው?»

ማሩፋ በሁለቱም ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ዓሣውን የአጎቴ ጭን ላይ አኖረው። አጎቴ መዳፉን በዓሣው ጎን ላይ አሳረፈና ገና ትኩስ መሆኑን አወቀ።

«በሩ ይከፈትልህ» አለ።

ከዚያ ዓሣውን አገላብጦ አየው። «ከሲታ ነው» አለ። «አንተ የጣልከው ዓሣ ሁልጊዜ ከሲታ ነው።»

ማሩፋ ጉንጩን በሁለት እጁ ያዘ። «አታስቀኝ፣ ዋጋሮ» አለ። «ስፌቱ ይፈታብኛል።»